የትርንጎ ማሳ በቢጫው አገር

ነገሩ የሆነው የሕዝብ ደህንነት በቀለም በሚለካበት አገር ነው። አገሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም እየሰማ ይደርስበታል።

በዚያ አገር አንድ ንጉሥ ነበረ። ክረምቱን በሙሉ አኩርፎ ከረመና መስከረም ሲጠባ በመስኮቱ ቁልቁል ቢመለከት አንድ የኑግ ማሳ ቢጫ አብቦ አየ፤ ሳቀ። ሹማምንቱ የንጉሡን ጥርስ ካዩ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበርና ነገሩን አዋጅ ሊያደርጉት እየተጋፉ ወጡ። በማግሥቱ አዋጅ ተነገረ፦ «ከእንግዲህ መስከረም ሲያልቅ አገሩ ሁሉ ቢጫ ይሁን!» ያ ንጉሥ ሞተ። ልጁ ነገሠ፤ እሱም ሞተ። የልጅ ልጁም እንዲሁ። አዋጁ ግን አንድ ቀን እንኳ ራሱን ሳያመው ኖረ።

ከባሕር ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች ደግሞ የኑጉን ዘይት ወደዱት። ስለዚህ ገበሬው ኑጉን ወቅቶ ለቤተ መንግሥት ያስገባል፤ ቤተ መንግሥቱ ለነጋዴዎቹ ይሸጣል፤ በልዋጩ ከሩቅ አገር እህል ይመጣና በታኅሣሥ ከንጉሡ ጎተራ ለገበሬው ይሰፈርለታል። እህሉ በሰዓቱ ከመጣ ሰው ይበላል። በሰዓቱ የመጣበትን ዓመት የሚያስታውስ ሽማግሌ ግን አልነበረም። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ሰው ሆዱን በመቀነት አጥብቆ አበባ ሲያይ ይከርማል። ሰላምታቸው ሳይቀር ከዚሁ የተቀዳ ነበር። «እንዴት ከረማችሁ?» ሲባሉ «ቢጫ ነን፤ እናንተስ?» ይላሉ። ጉልበታቸው እየተብረከረከ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ «ቢጫ ነን» ይላሉ።

ሕጉ አጭር ነው። ኑግ ያልሆነ ነገር ሁሉ አረም ነው። ባቄላ አረም ነው፤ ስንዴ አረም ነው፤ ጤፍም አረም ነው። እህል የሚባሉት በንጉሡ ጎተራ ውስጥ ሲገኙ ብቻ ነው። አረም የበላም ሰው ራሱ እንደ አረም ይቆጠራል።

ይህን ሁሉ የሚቆጣጠረው የቀለም ሹሙ ነው። የቀለም ሹም እግሩ አፈር አይነካም፤ አፈር ቢጫ አይደለማ! መስከረም ሲያልቅ አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው በየመንደሩ ያዞሩታል። እያንዳንዱ መንደር ከፍ ያለ ማማ ይሠራለታል። ተሸካሚዎቹ ማማው ላይ ያወጡታል፤ ሹሙ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደውን የልክ ጨርቅ ይዘረጋና ማሳውን ከጨርቁ ጋር ያስተያያል። ከተመሳሰለ «ቢጫ ነው!» ይላል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ሌላ ቀለም ካየ «ዝንጉርጉር!» ይላል፤ ማሳው ይወረሳል። መካከሉ ተመልጦ ራሰ በራ ሆኖ ከታየም «የተናቀ መሬት» ተብሎ ይወረሳል።

ሹሙ ማማ ላይ ከመውጣቱ በፊት ግን የመንደሩ ሽማግሌ ቆሞ የሹሙን ማዕረጎች አንድ በአንድ መጥራት አለበት። ስልሳ ሦስት ናቸው። አንዷን ከዘለለ፣ ወይም ካቀያየረ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እስኪያልቅ ድረስ ማንም ንቅንቅ አይልም፤ ሹሙም ቢሆን።

እንግዲህ በአንዱ መንደር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ስንሻው በሰኔ መጨረሻ ዘርቶ ጨረሰ፤ በሐምሌ ንዳድ ያዘውና በሦስት ቀን ሞተ። በአገሩ ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት ማሳውን የምትወርሰው በዚያው ዓመት ቢጫ ሆኖ ከተገኘ ነው። አለዚያ እንስራዋን አዝላ ከመንደር ትወጣለች። ትርንጎ ወገን አልነበራትም፤ የምትሄድበትም አልነበራት። ያላት ያ ማሳ ነበር።

ሰልስቱ በወጣ በማግሥቱ ለአረም ወረደች። ሐዘን ይቆያል፤ አረም ግን አይቆይም። ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ልትነቅል እጇን ስትዘረጋ እጇ አየር ላይ ቀረ። ከኑጉ ቡቃያ ሥር ሌላ ቡቃያ አለ። ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም፤ በመስመር ነው የተዘራው። ቀጥ ብላ አሻግራ አየች። ከእሱ አጠገብ ደግሞ የተለየ አለ። ወዲያ ደግሞ ሌላ! ከማሳው ዳር እስከ ዳር እየሳቀች ሮጠች። ስንሻው በሰባት ዓመት ትዳራቸው አንድም ቀን ለዘር ይዟት ወርዶ አያውቅም። «አንቺ ቤት ሁኚ» ነበር የሚላት። ግትርነት መስሏት ስትጣላው ኖራለች። ለካ ቢያዝም ብቻውን ሊያዝ ኖሯል!

የጎረቤቷ የብርቄ ማሳ ከእሷ ጋር ይዋሰናል። ብርቄ በዕድሜ ትበልጣታለች፤ ምላሷም ከዕድሜዋ ይበልጣል።

«አንቺ!» ብላ ጮኸች ብርቄ። «ሰልስቱ ትናንት አይደል የወጣው? ምን ያስቅሻል?»

«እቴ ብርቄ፣ ነይ እስኪ ይሄን እዪልኝ።»

«ምኑን? አረም ነው፤ ንቀዪው።»

«እሺ ቅጠሉን አሽተሽ እዪው።»

ብርቄ ቅጠሏን በጣቷ አሽታ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ባቄላ!» አለች በሹክሹክታ። «ጉድ በይ ብርቄ! አያቴ ጓዳ የሸተተኝ ባቄላ! ከየት አባቱ አመጣው ይሄ ባልሽ?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ዝም የሚል ሰው ድሮም ያስፈራኛል» አለች ብርቄ፤ ቅጠሏን ግን አልጣለችም፤ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠቻት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ትርንጎ ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳው ትሮጥ ጀመር። ስንሻው ምን እንደዘራ ስላልነገራት በየቀኑ አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ አተሩ ኑጉን ተጠምጥሞ ይወጣል፤ በሳምንቱ ምስሩ ይታያል፤ በውሃ መውረጃው በኩል ዱባ ሐረጉን ይዘረጋል። ጎመኑ በነሐሴ ደረሰ። ኑጉ ከሁሉም በላይ አድጎ ስለሸፈናቸው ከሩቅ ለሚያይ ማሳው እንደማንም ማሳ ነው። ለስንሻው የገባው ይህ ነበር፤ ከማማ ላይ የሚታየው የላዩ ብቻ ነው። አፈር የማይነካ ሹም ጎንበስ ብሎ አያይም።

መስከረም ሲገባ እሸቱ ደረሰ። መንደሩ ደግሞ በሩ እየተዘጋ፣ የጭስ ሽታ እየጠፋ ነበር። ትርንጎ ብቻዋን መብላት አልሆነላትም። መጀመሪያ ለብርቄ ሰጠች፤ ብርቄ ለእህቷ፤ እህቷ ለጎረቤቷ። ሴቶቹ ኩበት ለቀማ ብለው ቅርጫት ይዘው ይወርዳሉ፤ ከታች የባቄላና የአተር እሸት፣ ከላይ ኩበት አድርገው ይመለሳሉ። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደምለው ሳይቀሩ አንድ ማታ ከሳህናቸው ቀና አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ምራታቸውን። ምራታቸው አራስ ነበረች፤ ጡቷ ከደረቀ ሰንብቶ በዚያ ሳምንት ነው ወተት ያጋተው።

«አረም ነው፣ አባ።»

አያ ደምለው አንድ ጊዜ ጎረሱ፤ አኘኩ፤ ቆዩ።

«አረሙ ጥሩ ነው» አሉ። «ይጨመርልኝ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ በሁለት ሳምንት ውስጥ በመንደሩ አረም ያልቀመሰ ሰው ጠፋ።

ሹሙ የሚመጣበት የቀለም ቀን ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ትርንጎ እንደ ልማዷ ጎህ ሲቀድ ብትወርድ የምታየውን ማመን አቃታት። ማሳው እምብርት ላይ ሰማይ የወደቀበት ይመስል ሰፊ ሰማያዊ መደብ ተዘርግቷል። ተልባ ነው። ስንሻው እዚያ ቦታ ኑጉን አሳንሶ ተልባውን አብዝቶ ዘርቶት ኖሯል። አበባው ያምራል፤ ማማው ላይ ቆሞ እሱን የማያይ ዕውር ብቻ ነው።

ሮጣ ብርቄን ጠራቻት።

«ንቀዪው!» አለች ብርቄ። «አሁኑኑ ንቀዪው! እኔም አግዝሻለሁ።»

«ብነቅለው ይመለጣላ! ራሰ በራ ነው ተብሎ ይወረሳል።»

«እንግዲያ አበባውን እንቅጠፈው።»

እስከ ቀትር ቀጠፉ። ጣታቸው ሰማያዊ ሆነ። በማግሥቱ ጠዋት ሲመለሱ ምንም ያልተነካ ይመስል እንደገና በአዲስ አበባ ተሞልቶ ጠበቃቸው። ብርቄ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ መቃብሩ አቅጣጫ ዞረች። «አንተ ስንሻው! በቁምህ ዝም ብለህ፣ ሞተህ እንዲህ ትቀልድብናለህ?» አለች።

በዚያ ቀን ትርንጎ አልቀጠፈችም። ዳር ላይ ቁጭ ብላ ስታየው ዋለች። ፀሐዩ በረታ። ረፋድ አለፈ። ቀትር ላይ አንድ አበባ ቅጠሉን ጣለ። ሁለተኛው ጣለ። ቀና ብላ ጎንበስ ስትል አበባው ሁሉ ረግፎ መደቡ አረንጓዴ ብቻ ሆኗል፤ አረንጓዴውንም ዙሪያውን ያለው ኑግ ጋርዶታል። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ዘለለች።

«ጠዋት ነው የሚያብበው!» እያለች ወደ መንደር ሮጠች። «እስከ ቀትር ብቻ ነው! እስከ ቀትር ካቆየነው ማሳው ቢጫ ነው!»

ሹሙ ደግሞ ሁልጊዜ ጠዋት ነው የሚመጣው። ማዕረጉ ተጠርቶ እስኪያልቅ አይወጣም። ማዕረጉን የሚጠሩት አያ ደምለው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ተያይተው ወደ አያ ደምለው ቤት ሄዱ።

«እሳሳትላችሁ?» አሉ አያ ደምለው፤ ከመደባቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። «እኔ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስልሳ ሦስቱን ጠርቼ አንዲት አልዘለልኩም! የማዶ ሰዎች እንኳ 'እንደ ደምለው አስታውስ' ብለው ነው ልጃቸውን የሚመርቁት። ስሜን ልትቀብሩት ነው?»

«አያ፣ ማሳው ከተወረሰ እኔ ነኝ የምቀበረው» አለች ትርንጎ።

«የአንቺ ሐዘን ያሳዝነኛል፣ ልጄ። ግን ስም...»

«ስሙን እንኳ ይተዉት» አለች ብርቄ። «አረሙ ቀረ ይበሉ። ነገ ጠዋት ለምራትዎ እንነግራታለን፤ ወተቱም አብሮ ይቀራል።»

አያ ደምለው ጆሯቸውን ወደ ጓዳው ጣሉ። ጓዳ ውስጥ ሕፃኑ ጠግቦ ሲያንጎራጉር ይሰማል።

«ስንት ጊዜ ነው የምሳሳተው?» አሉ በመጨረሻ።

የቀለም ቀን ጠዋት ሹም አውላቸው በቃሬዛ መጡ። ወፍራም ናቸው፤ ቢጫ ካባ ለብሰዋል። ከኋላቸው ጸሐፊያቸው ልየው በእግሩ ይከተላል። ስም ለመመዝገብ አንድ ሰው አፈር መርገጥ ስላለበት ይህ ዕጣ የወደቀው በእሱ ላይ ነበር። ተልባው አብቧል። መንደሩ በሙሉ ማማው ሥር ተሰብስቦ ትንፋሹን ይዟል።

አያ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። «የቢጫው አባት! የጨርቁ ጠባቂ! አፈር የማይነካው! የመስከረም ዓይን!...» ሃያ ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ አፋቸው ተያዘ። ሠላሳ ዓመት የለመደ ምላስ ወደ ስህተት አልታጠፍ ብሎ ሲታገላቸው ይታያል። ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ አፈነዱት፦ «የሰማያዊው... አይ! የቢጫው ጋሻ!»

«ከመጀመሪያው» አሉ ሹሙ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሃምሳኛው ላይ ሳቱ። በሦስተኛው ዙር ስምንተኛዋን ዘለሉ። በአራተኛው ዙር አያ ደምለው ነገሩ ጣማቸው። ሁለቱን ማዕረጎች አጋብተው ያልነበረ ሦስተኛ ወለዱ፤ ሹሙ ራሳቸው «እንዲህ የሚባል አለኝ እንዴ?» ብለው ጸሐፊውን ጠየቁ።

«ዘንድሮ ምን ነካዎት፣ አያ?» አሉ ሹሙ።

«እርጅና ነው፣ ጌታዬ። ማዕረግዎም በዛ። አምና ይህን ያህል አልነበረም።»

ሹሙ በዚህ ደስ አላቸው። «እውነት ነው፤ በዝቷል» አሉ። «ይቀጥሉ።»

ተሸካሚዎቹ ግን ትከሻቸው ሊገነጠል ነው። በስድስተኛው ዙር ጊዜው ለቀትር ተቃረበና አያ ደምለው ስልሳ ሦስቱን ሳይሳሳቱ ፈጸሙ። ትርንጎ ወደ ማሳው አየች። 

አበባው አልረገፈም። ከሁለተኛው ስህተት ጀምሮ ደመና ገብቷል። ፀሐይ የለም። ሰማያዊው እንዳለ ነው።

ሹሙን ወደ ማማው ማውጣት ጀመሩ። አንድ ደረጃ፤ ሁለት ደረጃ። ትርንጎ ምን እያደረገች እንደሆነ ሳታስብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ማሳው ሮጠች።

«ስንሻው!» ብላ ጮኸች። «ስንሻው! አንተ ተደባቂ! ሰባት ዓመት አብሬህ ተኝቼ ያልነገርከኝ! ውጣና ማሳህን አሳይ!»

ተልባው መካከል ገብታ እያለቀሰች የነጠላዋን ጫፍ ታወዛውዛለች። የነካችው አበባ ሁሉ ቅጠሉን ጣለ። ሰዓቱ ደርሷል፤ ለመርገፍ የሚጠብቀው ትንሽ ነቅነቅ የሚያደርገው ብቻ ነበር። ብርቄ ይህን አየች።

«ምን ትገተራላችሁ?» ብላ በሴቶቹ ላይ ጮኸች፤ ቀጥላም በሹክሹክታ፦ «ለስንሻው የሚያለቅስ የለም? አረሙን ስትበሉ ነው ዘመዶቹ የሆናችሁት?» ቀድማ ገባች። ሠላሳ፣ አርባ ሴት ተከተላት። ግንዱን እንዳይሰብሩ እየተጠነቀቁ፣ በመስመሮቹ መካከል ጎን ለጎን እየተሽከረከሩ፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ነጠላቸውን እያራገቡ አለቀሱ። የተልባ አበባ እንደ ዝናብ ወረደ። ትርንጎ በቀብሩ ቀን እንባ አልወጣላትም ነበር። አሁን ግን ፊቷ እስኪያብጥ ወረደ፤ ያ እንባ ግን ከእልልታ ብዙም አይለይም ነበር።

ሹሙ ማማው ላይ ቆመው ጨርቁን እንደያዙ ጠበቁ። በልቅሶ መካከል ቀለም መመዘን ነውር ነበርና። «ምስኪን!» አሉ። «እንዲህ የሚለቀስለት ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ሴቶቹ ጋብ ሲሉ ጨርቁን ዘረጉ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወደ ግራ አዘነበሉት፤ ወደ ቀኝ አዘነበሉት። 

«ቢጫ ነው!» አሉ ሹሙ።

እልልታው ማማውን ነቀነቀው። ብርቄ አያ ደምለውን አቅፋ ስታሽከረክራቸው ባርኔጣቸው ወደቀ። ልየው መዝገቡ ላይ ጻፈ፤ ማሳው የትርንጎ ሆነ። ሹሙን አውርደው በቃሬዛ ወደሚቀጥለው መንደር ይዘዋቸው ሄዱ።

ጸሐፊው ግን አልሄደም። ወደ ትርንጎ መጣ። ከትከሻዋ ላይ አንዲት ሰማያዊ የአበባ ቅጠል በሁለት ጣቱ አነሣ። ዙሪያውን አየ፤ የሴቶቹ ፀጉር፣ ነጠላቸው፣ ቀሚሳቸው በሰማያዊ ተነስንሷል። እልልታው ጸጥ አለ።

«የነጠላዋ ጥለት ነው» አለች ብርቄ። «ዘንድሮ ቀለሙ ይለቃል።»

«እትዬ፣ እኔንም ገበሬ ነው የወለደኝ» አለ ልየው። «ተልባ ነው።»

 ልየው ወደ ሹሙ ቃሬዛ ዞሮ አየ፤ ገና ጉብታውን አላለፈም፤ ቢጮህ ይሰማል።  መዝገቡ በብብቱ ነው፤ ብዕሩ ጆሮው ላይ ነው።

«እናቴ ከወንዙ ማዶ ነው የምትኖረው» አለ። «አምና ልጠይቃት ብሄድ ከተኛችበት መነሣት አቅቷታል። እንዴት ነሽ ብላት ቢጫ ነኝ አለችኝ።» ጎንበስ ብሎ በማሳው ዳር ከኑጉ ሥር ያለውን ባቄላ ገለጥ አደረገ። «የትኛው ነው የሚቀድመው? ባቄላው? ሟቹ መቼ መቼ ነው የዘራው?»

ትርንጎ ወደ ባቄላው አየች። «አላውቅም» አለች። «ብቻውን ነው የዘራው። እኔ የማውቀው የበቀለውን ነው።»

«እንግዲያ ከበቀለው እንነሣ» አለ ልየው፤ ከመዝገቡ ኋላ ባዶ ገጾች ገንጥሎ ከብዕሩ ጋር ሰጣት። ትርንጎ በልጅነቷ ፊደል ቆጥራ ነበር። ሁሉም ተንጋግተው ማሳው ውስጥ ገቡ። ብርቄ እየተጎነበሰች ቅጠሉን ትገልጣለች፤ «ይሄ አተር ከባቄላው ሳምንት ያንሳል! አንጓውን ቁጠሩት!» ትላለች። አያ ደምለው ዝናብ የጣለበትን ቀን ሁሉ ያስታውሱ ነበርና «ትላልቁ ጠብታ የወረደው ሰኔ ሃያ አንድ ነው፤ ባቄላው ያኔ ነው የተዘራው፤ በዚህ እንኳ አልሳሳትም!» ይላሉ። ይከራከራሉ፤ ይስቃሉ። ትርንጎ ጉልበቷ ላይ ወረቀቱን አድርጋ ትጽፋለች፦ ባቄላ፣ ኑጉ ሥር፣ ሁለት ክንድ ተራርቆ። ምስር፣ በደረቁ በኩል። ተልባ፣ መጨረሻ ላይ፤ ከዳር ይሁን፣ እምብርት ላይ አይሁን። ይህን ስትጽፍ ለስንሻው ዝምታ መልስ እየጻፈችለት ያለች መሰላት።

ማሳው ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቅበት ጥግ ሲደርሱ ብርቄ ቆመች።

«ይሄስ?»

አንድ ተክል ነው። ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ቀላ ያለ። አያ ደምለው አሸተቱት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልየው ዙሪያውን ዞረው፤ አያውቀውም። ከአርባው ሴት አንዷም አላወቀችውም።

«ልቅመሰው» አለች ብርቄ። «ከሞትኩ መርዝ ነው ብለሽ ጻፊ።»

«እጅሽን ሰብስቢ!» አለች ትርንጎ። «ገና አላበበም እኮ።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ተክሉ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ብርቄ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። አያ ደምለው ከዘራቸውን ተደግፈው በዝግታ ቁጭ አሉ። ሹሙ ከጉብታው ማዶ ሆነው ጸሐፊያቸውን ሲጣሩ ይሰማል፤ ልየው ግን ዙሪያውን ከበው ከተቀመጡት መካከል ቦታ ፈልጎ ጫማውን አወለቀና ባዶ እግሩን አፈሩ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። ሁሉም አሁኑኑ የሚያብብ ይመስል ዓይናቸውን ተክሉ ላይ ተከሉ።